በሃምሳና በስልሳ ዓመት ልብ ወለድ መጻፍ መጀመር፦ ለጎንደር ሰው የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ ጡረታ ለወጡ፣ ልጆቻቸውን አሳድገው ለጨረሱ፣ ሱቃቸውን ለልጅ ላስረከቡ፣ ወይም ገና ሥራ ላይ ሆነው «አንድ ቀን እጽፈዋለሁ» እያሉ ዓመታት ለነጎዱባቸው ሰዎች ነው። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሰው ሞልቷል። ቡና ላይ ወሬ ሲጀምሩ ሰው ሥራውን ትቶ ያዳምጣቸዋል። ወረቀት ሲቀርብላቸው ግን ድምፃቸው ይደርቃል፤ የጻፉት ሁሉ የቀበሌ ደብዳቤ ይመስላል። እንዴት ያንኑ ቡና ላይ ያለውን ሰው ወረቀት ላይ ማምጣት እንደሚቻል፣ የማውቀውን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ የዕድሜን ነገር እንጨርስ። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣው በ1958 ዓ.ም.። ሃምሳዎቹን አጋምሰው ነበር ማለት ነው። እርግጥ ከዚያ በፊትም ይጽፉ ነበር፤ ያ ትልቅ ልብ ወለድ ግን የመጣው ጣሊያንን ተዋግተው፣ ተማርከው ጣሊያን አገር ታስረው፣ ተመልሰው በዲፕሎማትነት ብዙ አገር ካዩ በኋላ ነው። ስለዚህ «አሁን ምን ቀረኝ» የሚለውን ተዉት።

በዚህ ዕድሜ የሚጀምር ሰው የሚቸገረው በሌላ ነገር ነው። ሁለት ልማዶች አሉብን። አንዱ ምክር መስጠት ነው። ሌላው የራስን ሕይወት ከልጅነት ጀምሮ በተራ መተረክ። ሁለቱም ለቤተሰብ ጥሩ ናቸው፤ ልብ ወለድን ግን ይገድላሉ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በአብዛኛው ከእነዚህ ሁለት ልማዶች ለመላቀቅ የሚረዱ ናቸው።

1. ዕቃና ሰዓት

ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። መብራት ሲጠፋም አይቆምም። የእጅ ጽሑፍ የሚያደክማችሁ ከሆነ ወይም ዓይናችሁ ከደከመ ስልካችሁን ተጠቀሙ። ጂቦርድ የሚባለው የጎግል መጻፊያ አማርኛን በድምፅም ይቀበላል፤ ማይክራፎኗን ነክታችሁ ማውራት ነው። ነጠላ ሰረዙንና አራት ነጥቡን በኋላ በእጅ ታስተካክላላችሁ። የጻፋችሁትን ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት፣ ስልኩ ቢጠፋ ጽሑፉ አይጠፋም።

ሰዓቱ ከባድ ነው። እዚህ አገር በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ዕድር አለበት፣ ማኅበር አለበት፣ ለቅሶ አለበት፣ ልጅ ሊድር ሽማግሌ ሁን የሚለው ሰው አለ። «በየቀኑ እጽፋለሁ» ብላችሁ አትማሉ። በሳምንት ሦስት ቀን ምረጡ፣ ቤቱ ሳይነቃ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ድረስ ተቀመጡ። ለቤተሰብ ተናገሩ። ተደብቆ የሚጻፍ ነገር በየሰበቡ ይቋረጣል፤ «እሱ እየጻፈ ነው» ወይም «እሷ እየጻፈች ነው» መባል ከተጀመረ ግን ቤቱ ራሱ ይጠብቅላችኋል።

2. በአጭሩ ጀምሩ

ብዙ ሰው በመጀመሪያው ቀን ባለ 400 ገጽ ረጅም ልብ ወለድ ያስባል። ተዉት። አጭር ልብ ወለድ ጻፉ፤ ከ1,500 እስከ 2,500 ቃል። አንድ ሰው፣ አንድ ችግር፣ ቢበዛ ሁለት ቀን። ምክንያቱ ቀላል ነው። መጨረስ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፣ የሚለመደውም በመጨረስ ብቻ ነው። አምስት አጫጭር ታሪክ የጨረሰ ሰው ስለ አጀማመርና አጨራረስ የሚያውቀውን ያህል፣ አንድ ረጅም ታሪክ መሃል ላይ የተወ ሰው አያውቅም።

3. ከራሳችሁ ታሪክ ላይ ሌላ ሰው አውጡ

ይህ ዋናው ደረጃ ነው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

በሕይወታችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ምረጡ። ትልቅ መሆን የለበትም፣ እንዲያውም ትንሹ ይሻላል። ከዚያ ሦስት ነገር ቀይሩ፦ ሰውየውን፣ ሥራውንና ውጤቱን። አባታችሁ ላይ የደረሰ ከሆነ ለሴት ስጡት። መምህር ላይ የደረሰ ከሆነ ለሹፌር ስጡት። በሰላም ያለቀ ከሆነ ይበላሽ። በዚህ ጊዜ «እንዲህ አልነበረም እኮ» የሚላችሁ የውስጥ ድምፅ ይመጣል። እሱን አትስሙት። እንዲህ አለመሆኑ ነው የሚፈለገው፤ እናንተ ሌላ ሰው ስትሆኑ ምን እንደምታደርጉ አታውቁም፣ ስለዚህ ለማወቅ ትጽፋላችሁ።

እስከ መጨረሻው አብሮን የሚሄድ ምሳሌ ላምጣ። አያ ደምሴ የሚባል የፈጠርኩት ሰው አለ እንበል። ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፣ ሰፈሩ አሁን የዕድሩ ንብረት ያዥ አድርጎታል። የመጋዘኑ ቁልፍ እሱ ጋ ነው። የወንድሙ ልጅ አዘዞ ላይ ሰርግ አለበት፣ ድንኳን የሚከራይበት ብር የለውም። አያ ደምሴ ለኮሚቴው ሳይናገር የዕድሩን ድንኳን አዋሰው። ለሁለት ቀን ብቻ። በዚያው ሌሊት ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሞተ።

ይኸው ነው። ጦርነት የለም፣ ሀብታም ነጋዴ የለም፣ የተጠለፈች ቆንጆ የለችም። ግን ዕድር ያለበት ሰው ሁሉ ይህን ሲሰማ ሆዱ ይጨነቃል።

አሁን በደብተራችሁ ላይ ለራሳችሁ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች መልሱ፦ ምን ይፈልጋል? እስከ መቼ? ካልተሳካ ምን ያጣል? ለማን ነው መናገር የማይችለው? አያ ደምሴ ድንኳኑን መመለስ ይፈልጋል። ለቀስተኛ እስኪሰበሰብ ጥቂት ሰዓት ብቻ አለው። ካልተሳካ የሚያጣው ብር አይደለም፣ በሰፈር ውስጥ ያለውን ስም ነው። ለወንድሙ ልጅ ደግሞ «ሙሽሮቹን አስነስተህ ድንኳኑን አምጣ» ማለት አይችልም። ለአራቱም መልስ ካገኛችሁ ታሪክ አላችሁ። አንዱ ከጎደለ ያላችሁ ትዝታ ነው።

4. የቢሮ ዓረፍተ ነገርን ፍቱት

ብዙ ዓመት ሪፖርት፣ ቃለ ጉባኤና ማመልከቻ የጻፈ እጅ ልብ ወለድ ሲጽፍ እንዲህ ይጽፋል፦

አያ ደምሴ ተወልዶ ባደገበት ከተማ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሮ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ፣ ለረጅም ዓመታት በሹፌርነት አገልግሎ፣ ጡረታ ወጥቶ በዕድሩ ንብረት ያዥነት ተመርጦ ሲሠራ ድንኳኑን ያለ ኮሚቴው ፈቃድ በማዋሱ ከፍተኛ ችግር ውስጥ ገባ።

ሰዋስዉ ትክክል ነው። ግን ሰው የለበትም። አማርኛ «ተምሮ፣ አውጥቶ፣ አገልግሎ፣ ወጥቶ» እያለ አርባ ዓመትን በአንድ ዓረፍተ ነገር የመጠቅለል ትልቅ ጉልበት አለው። ለሪፖርት ግሩም ነው። ለልብ ወለድ ግን ዓመቱን መጠቅለል ሳይሆን ደቂቃዋን መዘርጋት ነው የምንፈልገው። ያንኑ ታሪክ እንዲህ ሞክሩት፦

ጡሩንባው ሲነፋ አያ ደምሴ ጫማውን እያሰረ ነበር። እጁ ቆመ።

«ማን ይሆን?» አለች ሚስቱ ከጓዳ።

አልመለሰላትም። የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ አየው።

ስድስተኛ ክፍል መማሩ አልተነገረም፣ ማንም ግን አልጎደለበትም። አንባቢው ቁልፉን ለምን እንደሚያየው ማወቅ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ወደ ታች ያነባል።

ልምምዱ ይኸውና። ከጻፋችሁት ውስጥ እንደ «ተምሮ፣ አውጥቶ» ባሉ ሦስትና አራት ግሶች የተቀጣጠለ ረጅም ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። አንዱን ድርጊት ብቻ ምረጡና ስለ እሱ ብቻ አንድ ገጽ ጻፉ። ዓይን ያየውን፣ ጆሮ የሰማውን፣ እጅ የነካውን። ሌላውን ተዉት። ረጅም ዓረፍተ ነገር ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም፤ አያ ደምሴ በጭንቀት ወደ አዘዞ የሚሄድበት ባጃጅ ውስጥ ሐሳቡ እየተንከባለለ ሲሄድ አንድ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ቢሞላ ደስ ይላል። ግን መርጣችሁት ይሁን።

5. እሱ ወይስ እሳቸው?

ስለ አጻጻፍ የሚያወሩ ብዙ መመሪያዎች ይህን አይነኩትም፣ ለእኛ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው።

ገጸ ባሕርያችሁ የስልሳ ዓመት ሰው ሲሆን እጃችሁ በራሱ «እሳቸው» ይላል። «አያ ደምሴ ጫማቸውን እያሰሩ ነበር» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። አስተዳደጋችን ነው። ነገር ግን የምታከብሩትን ሰው ልቡ ውስጥ ገብታችሁ ፍርሃቱንና ውሸቱን ማውጣት ይከብዳል። ሌላም ችግር አለ፦ «መጡ፣ ተቀመጡ፣ ጠጡ» ስትሉ አንድ ሽማግሌ ይሁን አምስት ጎረቤት አይለይም። ሦስት ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ አንባቢው ይደናገራል።

የኔ ምክር፣ ታሪኩን በልቡ ሆናችሁ የምትከተሉትን ሰው «እሱ» ወይም «እሷ» በሉት፣ ዕድሜው ምንም ይሁን። እሱ የሚያከብራቸውን ሌሎችን «እሳቸው» በሉ። አንባቢው ያኔ ዓለሙን በእሱ ዓይን ያያል። ነውር የሚመስላችሁ ከሆነ አንዷን ገጽ በሁለቱም መንገድ ጻፉና ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ልዩነቱን ጆሯችሁ ይነግራችኋል።

ምልልስ ላይ ደግሞ አጠራር ራሱ ድርጊት ነው። የዕድሩ ዳኛ ጎልማሳ ነው እንበል፣ ሁልጊዜ «አያ ደምሴ፣ እንዴት አደሩ» ነው የሚለው። መጋዘኑ ተከፍቶ ባዶ መሆኑ የታየ ዕለት እንዲህ ቢል፦

«አቶ ደምሴ፣ ድንኳኑ የት ነው?»

መጮህ አላስፈለገውም። «አያ» የነበረው «አቶ» ሆነ፣ የሃያ ዓመት ጉርብትና እዚያች ላይ ተሰነጠቀ። ሚስቱም ዕድሜዋን ሙሉ «አንተ» ስትለው ኖራ፣ ነገሩን ስትሰማ «እንግዲህ አንቱ እንዳሉ ይሁን» ብትለው ከስድብ በላይ ይቆርጠዋል። ይህን ደራሲው ማብራራት የለበትም። «በንዴት ተናገረችው» ብላችሁ ካከላችሁ አበላሻችሁት፣ ምክንያቱም አንባቢያችሁም እዚሁ ያደገ ነው።

የአካባቢውን አነጋገር አትሸሹት። «እንጅ» የሚል ሰው ካላችሁ «እንጅ» ይበል። ሬዲዮ ላይ እንደሚነገረው አማርኛ አታስተካክሉት። በተቃራኒው ደግሞ ሁሉንም ሰው በተረትና ምሳሌ አታናግሩ፤ በዕድሜ የገፋን ሰዎች ይህ ይቀናናል። ከባድ ነገር የገጠመው ሰው ብዙ ጊዜ አጭር ነው የሚናገረው፣ ወይም ስለ ሌላ ነገር ያወራል። ቡና ላይ ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጣችሁ ሰው እንዴት ጥያቄን በጥያቄ እንደሚመልስ፣ እንዴት ርዕስ እንደሚቀይር አዳምጡ። ወሬውን ሳይሆን አነጋገሩን ደብተራችሁ ላይ አስፍሩ።

6. ጎንደርን እንደ ኗሪ ጻፏት

እዚህ ላይ ብዙ ረቂቅ ይወድቃል። ታሪኩ ቆሞ የፋሲል ግቢ ገለጻ ይጀመራል፤ ማን እንዳሠራው፣ በእ.ኤ.አ. 1979 በዩኔስኮ መመዝገቡ። እውነት ነው። ግን አያ ደምሴ ድንኳን ፍለጋ ሲሮጥ ይህን አያስብም። ለእሱ ግንቡ ያለበት መንገድ ባጃጅ የሚጠበቅበት ነው። ጃንተከል ዋርካ ጥላ ነው፣ ሰው የሚቀጣጠርበት። ቅዳሜ ገበያ ግፊያ ነው። በሐምሌ ጭቃው፣ ሌሊት ብርዱ፣ ጠዋት ከየአቅጣጫው የሚሰማው የቅዳሴ ድምፅ፣ እነዚህን ሰውየው እያደረገ ካለው ነገር ጋር አያይዙ። ታሪኩ በጥምቀት ሰሞን ከሆነ ከቀሃ ወንዝ ውሃው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ የሚለቀቅበትን ጊዜ ተጠቀሙ፤ ያኔ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ድንኳን ደግሞ በወርቅ ቢፈለግ አይገኝም። ቦታው ለሰውየው ችግር ሲጨምርበት ነው ታሪክ ውስጥ የገባው።

ያለፈ ዘመን የምትጽፉ ከሆነ ቀኑን አጣሩ። ጣሊያን የወጣበትን ጊዜ ስትጽፉ ለምሳሌ፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ጎንደር ላይ የነበረው የጣሊያን ጦር ግን እጁን የሰጠው ከወራት በኋላ፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። በ1933 ሰኔ ፒያሳ ላይ ነፃነትን የሚያከብር ገጸ ባሕርይ ካላችሁ ታሪኩ ይፈርሳል። በሌላ በኩል እነዚያ ወራት፣ ሌላው አገር ነፃ ወጥቶ እዚህ ገና ባንዲራው ሳይወርድ የኖረው ሰው፣ ራሳቸው ስንት ታሪክ ይወጣቸዋል።

7. የሰው ገበና

ጎንደር ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ስም ብቻ መቀየር አይበቃም፣ «ይቺ እንትና ናት» ለማለት አንድ ምልክት ይበቃል። ሁለት ሦስት ሰው አቀላቅላችሁ አንድ ሰው ሥሩ። ሰፈሩን፣ የልጆቹን ቁጥር፣ አካላዊ ምልክቱን ለውጡ። ስለ ቀይ ሽብር ዘመን ወይም ስለ ቅርብ ጊዜ ደም መፋሰስ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ እጥፍ ተጠንቀቁ። የሟች እናት ወይም የገዳይ ልጅ ያው ከተማ ውስጥ አሉ፣ ምናልባት ያው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። በንስሐ ወይም በሽምግልና የሰማችሁትን ምስጢር ጨርሶ አትንኩት። ታሪኩ ምንም ያህል ቢያምር የእናንተ አይደለም።

8. ማረም

ጨርሳችሁ ስታበቁ ሁለት ሳምንት አስቀምጡት። ሌላ ጀምሩ። ከዚያ አውጡና ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ከተቻለ በስልክ ቅዱትና አዳምጡት። ምላስ የሚሰናከልበት ቦታ ዓይን ያልያዘው ስህተት ያለበት ነው።

መጀመሪያ የመጨረሻዋን አንቀጽ ተመልከቱ። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ምክር ናት። «ስለዚህ ሰው የአደራ ንብረት ሲይዝ መጠንቀቅ አለበት» የምትል። ሰርዟት። አያ ደምሴ ድንኳኑን በባጃጅ ጭኖ፣ የሰርጉ አበባ እንደተጣበቀበት ለቅሶ ቤት ሲያወርድ፣ አበባውን አንድ በአንድ የሚነቅልለት ዳኛው ከሆነ ታሪኩ እዚያው ያልቃል። ከዚያ በላይ አንድ ቃል ካከላችሁ ከአንባቢው እጅ ነጠቃችሁት።

ቀጥሎ መጀመሪያውን ገጽ። ብዙ ጊዜ ታሪኩ የሚጀምረው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። በመጨረሻም የፊደሉ ነገር፦ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ላይ አንድ አቋም ያዙ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፋችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አንዱን ስም በአንድ ገጽ በሁለት ዓይነት ፊደል አለመጻፍ ነው ቁም ነገሩ።

9. ለማን ላሳይ?

በመጀመሪያ ለልጆቻችሁ አታሳዩ። ወይ ያደንቃሉ፣ ወይ «አባባ ይህ እኮ የአጎቴ ታሪክ ነው» ይሏችኋል። ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ፈልጉ፣ ዕድሜው የልጅ ልጃችሁን ቢያህልም። «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ትልቅ ሰው ስለሆናችሁ «በጣም ቆንጆ ነው» ነው የሚላችሁ። እንዲህ ጠይቁት፦ የት ላይ ሰለቸህ? የት ላይ ግራ ገባህ? የትኛውን ሰው አላመንከውም? ሲመልስላችሁ አትከራከሩ፣ ጻፉት ብቻ። ይህ ለአንጋፋ ሰው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን ሌላ አቋራጭ አላገኘሁለትም።

ሦስት አራት ሆናችሁ በየሁለት ሳምንቱ ብትገናኙ እጅግ ጥሩ ነው። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያዳምጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ባዶ እጅ መምጣት ስለሚያሳፍር ሰው ይጽፋል።

10. ማሳተም

ቢያንስ አሥር የተጠናቀቁና የታረሙ ታሪኮች ሳይኖሯችሁ የጡረታ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ማተሚያ ቤት አትሂዱ። እዚህ አገር ብዙ ጊዜ የማሳተሚያውን ወጪ የሚሸከመው ደራሲው ራሱ ነው፣ መጽሐፉ ካልተሸጠ ካርቶኑ ሳሎን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። መጀመሪያ በቴሌግራም ለሰው አድርሱት፣ አንባቢ እንዳለው እዩ። ስትወስኑ ለእርማት ባለሙያ ክፈሉ፣ ከሽፋን ሥዕል በፊት። የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለው ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ነው።

ስለ መብታችሁ አንድ ነገር እወቁ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው ወረቀት ላይ ከሰፈረ ጀምሮ ጥበቃ አለው፣ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። የገንዘብ ጥቅሙ ደግሞ ደራሲው በሕይወት እስካለ ብቻ አያበቃም፣ ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይቀጥላል። ስለዚህ ደብተሮቹ የት እንዳሉ፣ የስልኩ መክፈቻ ቁጥር ምን እንደሆነ፣ የትኛው ረቂቅ የመጨረሻው እንደሆነ ለአንድ የምታምኑት ልጅ ዛሬውኑ ንገሩት። በእያንዳንዱ ረቂቅ ላይ ስማችሁንና ቀኑን ጻፉበት።